በመሃል አዲስ አበባ ብስክሌት መንዳት፦ ስለ አለባበስ፣ ስለ አነዳድና ስለ ሰው ዐይን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ በብስክሌት መመላለስ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእነዚህ ዓመታት ስለ ጎማና ስለ ማርሽ የጠየቀኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሱሪዬ፣ ስለ ላቤ እና ስለ ክብሬ ነው። ከዚህ በታች ያሉት በአሳንሰር ውስጥ፣ በማኪያቶ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አንዳንዴም ቀይ መብራት ላይ በመኪና መስኮት በኩል የቀረቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ የእኔ ስለሆኑ ወደ ብስክሌቱ ያደላሉ።

መኪና መግዛት አቅቶህ ነው?

አዎ፣ አቅቶኛል። ይህን መልስ ሳልሸማቀቅ መስጠት ለመልመድ ሁለት ዓመት ያህል ወስዶብኛል።

ጥያቄው ከክፋት የሚመነጭ አይመስለኝም። አብዛኞቻችን ብስክሌት የለመድነው በሰፈር ውስጥ በደቂቃ እየተከራየን፣ ተራ እየጠበቅን፣ አከራዩ «ደርሷል፣ ውረድ!» እስኪለን ድረስ ነው። ስለዚህ ብስክሌት በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ከብይ እና ከቆርኪ ጎን የተቀመጠ ነገር ነው። ከረባት ያሰረ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው በብስክሌት ሲያልፍ የሚታየው አንድ ጎልማሳ ብይ ሲጫወት እንደሚታየው ነው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ብሆን ኖሮ ማንም ቀና ብሎ አያየኝም ነበር፤ እዚያ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ብስክሌትም የዕለት ኑሮ ዕቃ ነው።

ብስክሌት ከኮሪደሩ ጋር የመጣ ፋሽን አይደለም?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መንገዶች ብዙ አዲስ ሰው ወደ ኮርቻ እንዳመጡ እውነት ነው። ከዚያ በፊትም በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» አስፋልቱን ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነጻ ሲያደርገው ብዙ ወላጅ ልጁን ብስክሌት ያስተማረው በዚያ አጋጣሚ ነው።

ነገሩ ግን ከዚያ ይረዝማል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ሲሆን፣ የተወዳደረችው በሁለት ስፖርቶች ብቻ ነበር፦ በአትሌቲክስ እና በብስክሌት። በዚያ የተወዳደረውን ብስክሌተኛ ገረመው ደንቦባን የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። ስድሳ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ በዝነኛው የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ቋንቋችንም ይመሰክራል፦ ጎሚስታ፣ ማርሽ፣ ፓራፋንጎ፣ ራጂ። ብስክሌታችን አሁንም ግማሽ በግማሽ የሚናገረው ጣልያንኛ ነው፤ ትናንት የመጣ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ሌላ ቋንቋ ይናገር ነበር።

ምን ለብሼ ልንዳ?

አጭሩ መልስ፦ ወደዚያው ቦታ በታክሲ ቢሄዱ የሚለብሱትን። ረጅሙ መልስ አንድ ገጠመኝ ይፈልጋል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ካዛንቺስ አካባቢ ወዳለ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ ሄድኩ። ቁምጣ ለብሻለሁ፣ ደማቅ ቢጫ ሰደርያ ደርቤያለሁ፣ ሄልሜት አጥልቄያለሁ። ሱፌ በጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ ውስጥ ገብቼ እቀይራለሁ ብዬ ነው። የጥበቃው ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ዕቃው ለማን ነው?» አለኝ። ዕቃ እንዳልያዝኩ ነገርኩት። «ታዲያ ምግብ ነው?» አለ። ስሜን ከእንግዶች ዝርዝር ውስጥ ካገኘው በኋላ እንኳ አላመነም፤ ወደ ውስጥ ስልክ ደውሎ አረጋግጦ ነው ያስገባኝ። በሳምንቱ እዚያው ግቢ፣ በዚያው ብስክሌት፣ ሱፍ ለብሼ፣ የቀኝ እግሬን ሱሪ ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ደረስኩ። «ጌታዬ፣ እዚህ ጥላው ሥር ያቁሙት» አለኝ። በሰባት ቀን ውስጥ ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» ያሸጋገረኝ ሱሪ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አስባለሁ። አንደኛው፣ ያ ሰው በመጀመሪያው ቀን የናቀው እኔን ሳይሆን ምግብና ዕቃ እያደረሱ ቀኑን ሙሉ ዳገት የሚወጡትን ልጆች ነው፤ እኔ ለአሥር ደቂቃ የቀመስኩትን እነሱ በየበሩ ይቀምሱታል። ሁለተኛው፣ ብስክሌት ላይ ያለ ሰው እንደ መኪና የሚሸፍነው ቆርቆሮ የለውም፤ የሚታየው ልብሱ ብቻ ስለሆነ ከተማው ማንነቱን የሚያነብበው ከልብሱ ላይ ነው። ጠባብ የውድድር ልብስ ከለበሱ ሾፌሩ ስፖርት እየሠሩ ነው ብሎ ያስባል፤ ስፖርት የሚሠራ ሰው ደግሞ ሜዳ ሄዶ ይሥራ እንጂ ለምን መንገዴን ይዘጋል ይላል። በሥራ ልብስ ከሄዱ ግን እንደ እሱው ሰዓት የረፈደበት ሰው መሆንዎ ይገባዋል። ጠባቡን ልብስ ለእንጦጦ ያቆዩት፤ እዚያ ቦታው ነው።

ቀለምን በተመለከተ፣ ጥቁር ሱፍ ቀን ቀን ችግር የለበትም። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ግን ምሽቱ አይዘገይም፤ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ብርሃኑ ቶሎ ይከዳል። ለዚያ ሰዓት ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታሰር አንጸባራቂ ጥብጣብ ይበቃል። እግርዎ ከፔዳሉ ጋር ላይና ታች ስለሚል፣ የሚዘል ብርሃን ከኋላ ለሚመጣ ሾፌር «ይህ ሰው ነው» ብሎ ይናገራል፤ የሱሪውንም ጫፍ ከሰንሰለት ይጠብቃል።

ነጠላ፣ ጋቢ፣ ረጅም ሻርፕስ?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ለብስክሌተኛ የተባለ ይመስላል። የነጠላ ጥለት ከኋላ ጎማ ራጂ (ከቀጫጭኖቹ ሽቦዎች) ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን አንገትዎን ነው። ነጠላ ለብሰው የሚነዱ ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት ቆመው ይታጠቁት፤ ጫፎቹ ወገብ ላይ ተሸጉጠው ይቋጠሩ እንጂ ትከሻ ላይ ተጥለው አይቅሩ። ጋቢ በቦርሳ ውስጥ ይጓዝ። ሰንሰለት በቀኝ በኩል ስለሆነ ሱሪም ቢሆን ቀድሞ የሚበላው የቀኝ እግሩ ነው።

ላብስ? ቢሮ ስደርስ ሰው አይሸሸኝም?

የአዲስ አበባ አየር ለዚህ ነገር ደግ ነው። ሙቀቱ በቀን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከክረምት ውጭ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብ ቶሎ ይተናል። የሚያልበን ዳገቱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረው ወደ አራት ኪሎ ሲወጡ ልብዎ የሚደልቀው ሰነፍ ስለሆኑ ብቻ አይደለም።

ዘዴው ቀላል ነው። አሥር ደቂቃ ቀድመው ይነሱ፤ በዳገት ላይ ቀላሉን ማርሽ ይያዙ፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች እንደ ሽርሽር ይንዱ። ቦርሳውን ከጀርባዎ አውርደው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ይሰሩት፤ በእኔ ልምድ ግማሹ ላብ ከቦርሳው ሥር ነው። ኮትዎን ቢሮ ያሳድሩት፣ ከነቴራ ለብሰው ይምጡ፣ ሸሚዝ እዚያ ይቀይሩ። ዕድልም ድርሻ አለው፦ ላይ ኖሮ ታች የሚሠራ ሰው ጠዋት ደርቆ ይደርሳል፣ ማታ እያላበው ይገባል፤ ቤቱ ደግሞ ውኃ ካልጠፋ ሻወር አለው። ታች ኖረው ላይ ለሚሠሩት አዝናለሁ።

ሄልሜት የግድ ነው? ፀጉሬስ?

እኔ ያለ ሄልሜት ከግቢ አልወጣም። በትክክል ካልተደረገ ግን ኮፍያ ነው፦ የፊቱ ጠርዝ ከቅንድብ በላይ በሁለት ጣት ርቀት ይቀመጥ፣ ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ይጥበቅ። ወደ ማጅራት ተንሸራቶ ግንባርን ያጋለጠ ሄልሜት ለፎቶግራፍ ካልሆነ አይጠቅምም። አንዴ ከባድ ምት የደረሰበት ደግሞ ውጭው ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላልና ይጣል።

ሹሩባ የተሠሩ እህቶች የሚነግሩኝ፣ ከኋላ የሚስተካከለውን ማጥበቂያ ማላላት እና ከሥሩ ስስ ሻሽ ማሰር ይበቃል ነው። ለጎፈሬ መፍትሔ አላገኘሁም።

ሴት ልጅ በመሃል ከተማ ብስክሌት ብትነዳ ምን ይገጥማታል?

ለዚህ ጥያቄ ከእኔ ይልቅ የሚነዱት ሴቶች ቢመልሱ ይሻላል፤ እኔ አብሬያቸው ስነዳ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ጎን ለጎን ስንሄድ ለእኔ ምንም ያላለ መንገደኛ ለእሷ ሦስት ነገር ይላታል፦ «አንበሲት!»፣ «ትወድቂያለሽ!»፣ ሦስተኛውን አልጽፈውም። የመጀመሪያውና ሦስተኛው ከአንድ ቡድን ሊመጡ ይችላሉ። እሷ የምትሰጠው መልስ የለም፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ትሄዳለች። «መልስ ከሰጠሁ መሪው ይወላገድብኛል» ትላለች።

የቀሚስ ጉዳይ ቀላል ነው። መሃከለኛው ብረት ዝቅ ያለ ብስክሌት እና በኋላ ጎማው ጎንና ጎን ላይ መከለያ ካለ ጉልበት የሚያልፍ ቀሚስ ይነዳበታል። ከሥር ታይት የምትለብስም አለች። ረጅም የሐበሻ ቀሚስ ግን በጥለቱ ይጎዳል፤ ልብሱም ያሳዝናል።

ከባዱ ነገር አንዳንድ ቤት ውስጥ ዛሬም በሹክሹክታ የሚነገረው «ድንግልናዋን ታጣለች» የሚለው ፍርሃት ነው። ይህ መሠረት የለውም። ድንግልና በሰውነት ላይ ተመርምሮ የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትን ጨምሮ ሦስት የተባበሩት መንግሥታት አካላት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የጋራ መግለጫ የድንግልና ምርመራ የሚባለው ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ተናግረው እንዲቆም ጠይቀዋል። ልጅቷ ብስክሌት ብትከለከል የምታጣው ነገር ግን በእርግጠኝነት ይታወቃል፦ ወንድሟ በስምንት ዓመቱ ያገኘውን ሚዛን።

እግረኛው በብስክሌት መንገዱ ላይ ይሄዳል። ደወል ልደውልበት?

ለአዲስ አበባ ብስክሌተኛ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም፤ እኔም መልሱን ያገኘሁት አጥፍቼ ነው።

እሁድ ጠዋት ነበር፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ በነጭ ነጠላ መንገዱን ሞልቶታል። ከፊቴ አንዲት እናት በብስክሌት መስመሩ መሃል ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ደወልኩ። አልዞሩም። ደጋግሜ ደወልኩ። ሲደነግጡ ወደ ግራ አሉ፣ እኔም ወደ ግራ ብዬ ነበር፤ ወደ ቀኝ ተመለሱ፣ እኔም ተመለስኩ። ፍሬኑን ጨምቄ፣ አንድ እግሬን መሬት አስነክቼ፣ የነጠላቸው ጫፍ የፊት ጎማዬን እየነካ ቆምኩ። ተቆጡኝ ብዬ ስጠብቅ ረጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ደወሉንስ ሰምቼዋለሁ። ወዴት ልሁንልህ?» አሉኝ።

ደወል «መጣሁ» ይላል እንጂ በየት በኩል እንደሚመጡ አይናገርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደወሉ ይልቅ አፌን እጠቀማለሁ፦ «እማማ፣ በግራዎ በኩል ነኝ»፣ «አባባ፣ ባሉበት ይቆዩልኝ»፣ «ወንድሜ፣ አንዴ ላሳልፍ»። በደወል የሚደነብር ሰው በአንቱታ ሲጠራ መንገድ ይለቃል፤ አንዳንዱማ «እለፍ ልጄ፣ ይቅናህ» ብሎ ይመርቃል። ከደወልኩም ከሩቅ፣ አንዴ ብቻ ነው።

ፍጥነቱን አስሉት። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንዲት ሴኮንድ አምስት ሜትር ተኩል ይጓዛል። አንድ ሰው ደወል ሰምቶ፣ ዞሮ፣ አይቶ፣ ወዴት እንደሚሆን እስኪወስን ከሁለት ሴኮንድ በላይ ያልፋል። ሰው በበዛበት ቦታ ፍጥነቱ የእግር ጉዞ ያህል ይሁን፤ የማይቻል ከሆነ ወርደው ይግፉ።

«መንገዱ እኮ የእኛ ነው!» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በሥርዓት ደረጃ ልክ ናቸው። ግን ይህ ሕዝብ ለዘመናት በአስፋልት ዳር ከመኪና ጋር እየተጋፋ ሲሄድ ኖሮ፣ አሁን ሰፊና ለስላሳ ነገር ሲያገኝ የቱ መስመር ለማን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ይፈልጋል። ማታ መብራቱ ሲበራ ፎቶግራፍ የሚነሱ ወጣቶች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው መስመሩ ላይ ይቆማሉ። ሙሽራን በደወል ማስነሳት እኔ አልችልም። እዞራለሁ።

ቀይ መብራት ለብስክሌትም ይሠራል?

ይሠራል። በተቃራኒ አቅጣጫ መንዳትም፣ በሁለቱም ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ መንዳትም፣ ሰው ፊት ለፊቱ ብረት ላይ አስቀምጦ ቁልቁለት መውረድም ያው ጥፋት ነው። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ነው ነገሩ፤ ብስክሌተኛው መብራት በጣሰ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣውን ብስክሌተኛ ሾፌሩ በቂም ይጠብቀዋል።

አይሱዙ ጀርባ ላይ ተንጠልጥለው ዳገት ስለሚወጡት ልጆችም ይጠይቁኛል። እኔም በልጅነቴ ተንጠልጥያለሁ። ሞኝነት ነው፤ አይሱዙው ፍሬን ሲይዝ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ሾፌሮች ሆን ብለው ነው የሚያስጠጉብን?

ጥቂቶቹ አዎ። አብዛኞቹ ግን ስላላዩን ነው። ክላክስ መለየት ይማሩ፦ አጭሩ «አለሁ» ማለት ነው፣ ረጅሙ «ውረድልኝ» ነው፣ ሁለት አጫጭር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰላምታ ነው። በአጭሩ የሚናደድ ብስክሌተኛ ጠዋት ጠዋት ተናዶ ነው ቢሮ የሚደርሰው።

ሚኒባስ ከፊትዎ ካለ ረዳቱን ይዩት። ከበሩ ብቅ ብሎ የሚጮኸው ልጅ ለብስክሌተኛ ከመስታወት ይበልጣል፤ ዐይን ለዐይን ከተያያችሁ ለሾፌሩ «ሳይክል አለ፣ ቆይ!» ብሎ ይነግርልዎታል። ታክሲው ተሳፋሪ ሊያወርድ ሲጠጋ በቀኝ በኩል ሾልከው አይለፉ፤ ከዚያ በር የሚወርደው ሰው ወደ ኋላ አያይም። የቆሙ መኪናዎችን ሲያልፉም በር በድንገት ቢከፈት የማይነካዎትን ርቀት ይጠብቁ።

አዲሱ ነገር የኤሌክትሪክ መኪናው ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ድምፅ አልባ መኪና በዝቷል። ለዓመታት በጆሮዬ እነዳ ነበር፤ ከኋላዬ የሚመጣው ሚኒባስ ይሁን የጭነት መኪና ሳልዞር እለየው ነበር። አሁን መዞር ግድ ሆኗል። መስመር ከመቀየርዎ በፊት በትከሻዎ ላይ ወደ ኋላ ይመልከቱ፣ ከዚያ እጅዎን ዘርግተው ያሳዩ።

ቤተ ክርስቲያን ሳልፍ፣ ትልቅ ሰው ሳገኝ ምን ላድርግ?

አባቶቻችን በበቅሎ ሲሄዱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱ ይወርዱ ነበር፤ ትልቅ ሰው ሲያገኙም እንዲሁ። ብስክሌት በቅሎ ነው ወይስ መኪና? ፒያሳ ጊዮርጊስ ጋ ይህን ጉዳይ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ሲፈታው አያለሁ። አንዱ ቆሞ፣ አንድ እግሩን መሬት አድርጎ፣ ሄልሜቱን አውልቆ ይሳለማል። ሌላው ከኮርቻው ብድግ ብሎ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። አንድ እጁን ለቆ ቁልቁለት ላይ የሚያማትብም አለ፤ እሱን እግዚአብሔር ይጠብቀው እንጂ ሌላ ምን እላለሁ። እኔ ፍጥነቴን ቀንሼ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ። ሰላምታ ለሚሰጡኝ ጎረቤቶችም ያንኑ ነው የምመልሰው፤ እጄን ከመሪው ሳላነሳ።

ቁልቁለቱን እንዴት ልውረደው? ዳገቱንስ?

ቸርችል ጎዳናን ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ለገሃር መውረድ በአዲስ አበባ ውስጥ በነጻ ከሚገኙ ደስታዎች አንዱ ነው፤ ቴዎድሮስ አደባባይን፣ ዋናውን ፖስታ ቤት፣ ብሔራዊ ቲያትርን ፔዳል ሳይረግጡ ያልፏቸዋል። ሁለቱንም ፍሬኖች እየጨመቁ እየለቀቁ ይውረዱ። የፊቱን ብቻ በድንገት የያዘ ሰው ከመሪው በላይ ነው የሚያልፈው። ከአራት ኪሎ በፓርላማው፣ በቤተ መንግሥቱና በሒልተን በኩል ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደው መንገድም እንዲሁ ያማረ ነው፤ የቤተ መንግሥቱን አጥር ይዘው ሳሉ ግን ሰንሰለት ቢወጣብዎ እንኳ ጥቂት ገፋ አድርገው ይጠግኑት፣ እዚያ መቆም አይወደድም።

ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም። ሦስት ሰው «ተበላሽቶብህ ነው?» ይልዎታል። «አይ፣ እኔ ነኝ የተበላሸሁት» ይበሉና ይቀጥሉ።

በጾም ባዶ ሆድ ይነዳል?

ይነዳል፣ ቀስ ተብሎ። በሁዳዴም በረመዳንም የሚነዱ ወዳጆች አሉኝ፤ ሁሉም የሚሉት ጠዋቱ ቀላል ነው፣ የሚከብደው ከሰዓት በኋላ ያለው ዳገት ነው። ራስዎን ካዞረዎ ይውረዱ።

ክረምትስ?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ደርቀው ሊሄዱ ይችላሉ። በአንድ እጅ ጃንጥላ ይዞ መንዳት አይሞከርም፤ ነፋስ ሲገባበት መሪውን የሚይዘው ጃንጥላው ነው። ወገብ የሚያልፍ የዝናብ ልብስ እና ፓራፋንጎ ይበቃዎታል። ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት ከወገብ እስከ ማጅራት ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር ይሥልብዎታል፣ እርስዎ አያዩትም፣ ቢሮው ሁሉ ያየዋል። የብረት ክዳኖችና የዜብራ ቀለም ሲረጥቡ እንደ ሳሙና ናቸው፤ ቀጥ ብለው ይለፏቸው፣ ላያቸው ላይ አይታጠፉ። በረዶ ከጣለ ከአንድ ካፌ ሥር ተጠልለው ይጠብቁ። ለጫማው ደግሞ ሊስትሮ አለ፤ የእኔ ደንበኛ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ብሩሹን ያነሳል፣ በክረምት ትልቁ ገቢው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

«አይዞህ!» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ይበቃል፤ ትንፋሽ ካለዎት። እኔ መጀመሪያ ላይ ያሾፉብኝ ይመስለኝ ነበር። ጎማ የፈነዳበት ዕለት ግን «አይዞህ» ይሉኝ የነበሩት የጎዳና ነጋዴዎች ናቸው ጎሚስታውን ጠርተው ያመጡልኝ።

ብስክሌቱን የት ላቁመው?

እሱ ላይ ከተማው ገና ነው። ጠንካራ ሰንሰለት ይግዙ፤ ጎማውን ብቻ ሳይሆን የብስክሌቱን ዋና ብረት ከማይነቀል ነገር ጋር ይቆልፉ፤ ካፌ ሲገቡ በመስኮት የሚታይ ቦታ ይምረጡ። ግቢ ካለ ከሁሉም የሚሻለው ከጥበቃው ጋር መወዳጀት ነው።

ያ የካዛንቺሱ ጥበቃ አሁን ብስክሌቴን ከጄኔሬተሩ አጥር ጋር ራሱ ይቆልፈዋል፣ ቁልፉንም በኪሱ ይይዛል። ባለፈው ወር ከስብሰባ ቀደም ብዬ ስወጣ ብስክሌቱ ቦታው አልነበረም። ደንግጬ ዞር ስል፣ ሰውዬው ከነደንብ ልብሱ፣ የቀኝ እግሩን ሱሪ ካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ በመኪና ማቆሚያው ዙሪያ እየዞረ ነበር። ሲያየኝ ፍሬኑን ይዞ ወረደና፣ «የኋላው ጎማ ትንሽ ነፋስ ይፈልጋል» አለኝ።